ሁለተኛው ዝርዝር

«ኮፒ አለው?» አለ አጎት።

ድርቆሽ እጁን ከፖስታው ላይ አላነሳም። ቀትር ነው። በአውቶቡስ መናኸሪያው አግዳሚ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል። አጎት የሥጋ ዘመዱ አይደለም፤ ከቁጥጥር ቢሮ የሚያሰማራው አለቃው ነው። «ድርቆሽ» የሚለውን የምስጢር ስምም ያወጣለት እሱ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስለ ኮፒ ጠይቆ አያውቅም።

«የለውም።»

«ጥሩ። በላ፣ ቶሎ አቀብለኝ።»

ድርቆሽ ቀና አለ። ከትኬት መቁረጫው አጠገብ ነጭ ፒካፕ ቆሟል። መሪውን የያዘውን ሰው ያውቀዋል።

የጌታው ሹፌር ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ በእርሻ ድጎማ መሥሪያ ቤቱ ተራ ጸሐፊ መስሎ የከረመው «ጌታው» የሚሉትን ይህን የአካባቢውን ትልቅ ሰው ለማጋለጥ ነበር። መንግሥት ለእርሻ የሚሰጠውን ድጎማ ማን እንደወሰደ በግቢው ሰሌዳ ላይ ሠላሳ ቀን ይለጠፍ ይላል ሕጉ። ይለጠፋልም፤ የባለ አንድ ማሳ ገበሬዎች ስም ብቻ። ሁለተኛው ዝርዝር ካዝና ውስጥ ይተኛል። እዚያ ላይ ጌታው አለ፣ ሚስቱና እህቶቹ አሉ፣ ማረሻ ጨብጦ የማያውቀው ሹፌሩም «ገበሬ» ተብሎ አለ። ድርቆሽ ጠዋት ከካዝናው ያወጣው ይህንን ነው። አሁን አጎት ለጌታው ሊያስረክበው ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያነበው እሳት ብቻ ነው።

በኪሱ ደግሞ የዓመት ፈቃድ ጥያቄው ነበር፣ እሱም በፖስታ። አራት ጊዜ ተመልሶበታል። ርክክብ ላይ ፖስታ አይከፈትም፤ ይህንን ያስተማረው ራሱ አጎት ነው።

የፈቃድ ጥያቄውን አቀበለው።

«ደክሞሃል» አለ አጎት። «ትንሽ እረፍ።»

«ጠይቄያለሁ» አለ ድርቆሽ፣ ተነስቶ ሄደ።

አልሮጠም። የሚሮጥ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። አጎት ፖስታውን እስኪከፍት ቢበዛ አሥር ደቂቃ አለው።

በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ውስጥ እትዬ ብቻቸውን ነበሩ። የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም በእሳቸው እጅ ነው።

«እትዬ፣ ይቺን ይምቱልኝ። ለሰሌዳው ናት።»

«አንተ ልጅ፣ ምሳ በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«ውሸታም።»

ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡ። መጀመሪያው ገጽ ላይ አጎነበሱ። ከዚያ በሦስቱም ገጽ ላይ ማኅተሙን አሳረፉ። ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ቀርቷቸዋል። ድርቆሽ ይህንን እያወቀ ነው ማኅተሙን ያስመታቸው። ራሱን ጠላ።

ሰሌዳው ፊት ገበሬዎች ተሰልፈው ነበር። ድርቆሽ በመሃላቸው አልፎ ሦስቱን ገጽ ለጠፈ። አንዱ ጮክ ብሎ አነበበ።

«ሹፌሩም? ምኑን ነው ያረሰው፣ አስፋልቱን?»

ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ስልኮች ወጡ።

ዘበኛው ከመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቢሮ እየተጣደፈ መጣ። እጁን ወደ ወረቀቱ ዘረጋ።

ማኅተም አለበት።

በዚህ ግቢ ማኅተም የሌለውን ማስታወቂያ ዘበኛ ይቀድዳል። ማኅተም ያለውን ግን ከሠላሳ ቀን በፊት የነካ ከሥራው ይባረራል። ዘበኛው እጁን ሰበሰበ። «በጽሑፍ ይምጣልኝ» አለ። ጽሑፉ እስኪመጣ ዝርዝሩ በስልክ ከተማውን አዳርሷል። ነጩ ፒካፕ ግቢ ሲገባ የሚሠራው ነገር አልነበረውም።

እትዬን ፖሊስ ይዟቸው ወጣ።

«ማኅተሙን ማነው ያስመታሽ?» ኃላፊው አንባረቀባቸው።

«ማንም። አንብቤ ነው የመታሁት።»

በድርቆሽ አጠገብ ሲያልፉ እንደማያውቁት አለፉት። «አንብቤ ነው» ያሉት እውነታቸውን ይሁን እሱን ለማዳን አላወቀም። «እኔ ነኝ» የሚለው ቃል አፉ ድረስ መጣ። አጎት ከፒካፑ ወርዶ በዓይኑ ሰዉን እያበጠረ ነው።

ቃሉን ዋጠው።

በሩ ላይ አንዲት አዛውንት ገበሬ ክንዱን ያዝ አደረጉት።

«ልጄ፣ እዚህ የምትሠራ ትመስላለህ። ሴትዮዋ ምን አድርገው ነው?»

«አላውቃቸውም፣ እናቴ።»

በዘጠኝ ዓመት ብዙ ዋሽቷል። ይህኛው ከጉሮሮው አልወርድ አለው። መጀመሪያ የመጣው አውቶቡስ ላይ ተሳፈረ። ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቀም።