በሳንቃው ላይ ሁለት ሰዎች

ፋኖሱን ዝቅ አድርጉት። ቀረብ ቀረብ በሉ። አንተ በሩ አጠገብ ያለኸው፣ ጀርባህን ለጨለማ አትስጥ። ልጀምር? እሺ።

ሰዓቱ ፀሐይ የገባችበት፣ ጨለማውም በደንብ ያልወረደበት ሰዓት ነው። ከሩቅ የሚታየው ነገር ሰው ይሁን ጉቶ የማይለይበት። ቦታው ከሞያሌ ማዶ፣ በሰው አገር፣ ብዙ ቀን ተነድቶ የሚደረስበት የባሕር ዳርቻ ነው። በአንድ ጎን ባሕር፣ በሌላው ጎን የኮኮናት ዛፍ፣ በመካከላቸው አንዲት ቀጭን የአሸዋ መንገድ። በዚያች መንገድ ሲመሽ ማን ይሄዳል? ማንም አይሄድም። የመንደሩ ሰው አይሄድም። ውሻ እንኳ አይሄድም።

በመንገዷ ዳር አንዲት ሰማያዊ ቮልስ ቆማለች። የማን ናት? የውብእሸትና የትርንጎ ናት። ባልና ሚስት ናቸው። ውብእሸት ጎሚስታ ነው፤ የሐዋሳ ልጅ፣ ከሐይቁ ሳይወጣ ያደገ ዋናተኛ። ትርንጎ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ውሃ የምትወደው በብርጭቆ ሲሆን ብቻ ነው።

ታዲያ እዚያ ምን ያደርጋሉ? አንድ ቀን ውብእሸት ሰዎች በማዕበል ላይ በሳንቃ ቆመው እስከ ዳር ሲንሸራተቱ በቴሌቪዥን አየ። አየና አበቃ! ከዚያ በኋላ ጎማ ሲለጥፍ ማዕበል ነው የሚያስበው።

“ትርንጎዬ፣ አንድ ቀን እንደነዚህ ሳልቆም አልሞትም” አላት።

“ታዲያ አትቁም፤ ትኖርልኛለህ” አለችው።

ግን ሄዱ። አልጋቸው የመኪናዋ ወንበር ነበር። ስንቃቸው ሽሮ፣ በሶና ድርቆሽ ነበር። ሳንቃውን ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ በውብእሸት የቆዳ ጃኬት ለወጡት። የሳንቃው አፍንጫ ተሰንጥቆ ነበር፤ ውብእሸት በጎማ መለጠፊያ ለጠፈው። “በል አሁን አስተንፍስ!” ብሎም ዛተበት።

ዘጠኝ ቀን ሞከረ። ዘጠኝ ቀን ወደቀ። በግራ ወደቀ። በቀኝ ወደቀ። አንድ ጊዜማ ገና ሳይወጣበት ወደቀ። ትርንጎ ዳር ላይ ጃንጥላ ዘርግታ ትቀመጥና “ተነስ እንጂ ጎሚስታው! ፈነዳህ እንዴ?” ትለዋለች።

በአሥረኛው ቀን ወደዚያች መንደር ደረሱ። ኮኮናቱን የሚጠብቅ ባካሪ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ድሮ ሞያሌ ግመል ሲነግድ የለመዳት የተሰባበረች አማርኛ አለችው።

“እዚህ ማደር ይቻላል” አላቸው። “ችግር የለም። ግን ሲመሽ በዚህ መንገድ ሰው ቢያልፍ ድምፅ የለም። ምግብ እየበላችሁ ከሆነ ደግሞ ቀና ማለትም የለም።”

ሽማግሌው ራቅ ሲል ውብእሸት በሳቅ ፈረሰ።

“ሰማሽው? ሰው ሲያልፍ እንብላ አትበሉ እያለን ነው እኮ! ምን ዓይነት ስስት ነው?”

“ባህላቸው ይሆናል፣ ውቤ። ምን አገባን?”

“ሰው አጠገቤ ሲያልፍ አቀርቅሬ ልብላ? እናቴ ከመቃብር ተነስታ ነው በጥፊ የምትለኝ!”

ስህተቱ ይህ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይሳሳተው ነበር? አይሳሳተውም። የሐበሻ ስህተት ነው።

በመጀመሪያው ማታ ሽሮው ተንተክትኮ ወረደ። ልክ መጉረስ ሲጀምሩ አንድ ሰው ረጅም ነገር በብብቱ ይዞ በዛፎቹ ሥር መጣ።

“እንብላ!” አለ ውብእሸት ጮክ ብሎ።

እኛ አገር እንብላ ሲባል አላፊው ምን ይላል? “ብሉ፣ ይባረክ” ብሎ ያልፋል። ይሄኛው አላለፈም። ቆመ። ለረጅም ጊዜ ቆሞ አያቸው። ከዚያ ሄደ።

በሁለተኛው ማታ እንደገና መጣ። “እንብላ!” አለ ውብእሸት። ሰውዬው አሥር እርምጃ ያህል ቀረብ ብሎ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። በብብቱ የያዘው የተሰበረ ጀልባ ሳንቃ ነበር። ፊቱ ወጣት ነው። “ብሉ” አለ። ድምፁ ውሃ አፉ ውስጥ እንደያዘ ሰው ድምፅ ነበር። በልተው እስኪጨርሱ አይቷቸው ሄደ።

መኪናው ውስጥ ጋደም እንዳሉ ትርንጎ ተነሳች።

“ውቤ።”

“እ?”

“ሰውዬው ምን አለ?”

“ብሉ አለ።”

“በምን ቋንቋ?”

ውብእሸት መስኮቱን ዘጋ። የእሷንም መስኮት ዘጋ።

“እሱም ሞያሌ ነግዶ ይሆናል” አለ።

“ግመል?”

“ተኚ አንቺ ሴትዮ!”

በሦስተኛው ማታ ሰውዬው ሳይጠራ መጣ። መጥቶ ምን አደረገ? እጁን ሰዶ አብሯቸው በላ። አንድ ጎረሰ። ሁለት ጎረሰ። ከዚያ “ጨው አንሶታል” አለ።

ትርንጎ ፍርሃቷን ረስታ ተቆጣች። ዞር ብላ ልትመልስለት ስትል ግን የመጣበትን አሸዋ አየች። የእሷ ዱካ አለ። የውብእሸት ዱካ አለ። የእሱ ዱካ የለም። የተቀመጠበት ብቻ ርሷል።

ሰውዬው ወደ ውብእሸት ዞረ። “መቆም አቅቶሃል። ነገ ሳይነጋ ና፣ አቆምሃለሁ። ብቻህን ና” አለው። ሄደም።

“አትሄድም!” አለች ትርንጎ። “ዱካ የለውም ብዬሃለሁ!”

“እንዲህ ቀላል ስለሆነ ነዋ ማዕበል የሚሸከመው” አለ ውብእሸት። ሳቁ ግን ቀጠን ብላ ነበር የወጣችው። “እሺ፣ አልሄድም። ተኚ።”

ሄደ? ሄደ። ዘጠኝ ቀን የወደቀ ሰው ይቀራል?

ትርንጎ ስትነቃ ሰማዩ ግራጫ ሆኗል። የባሏን ቦታ በእጇ ዳሰሰችው፤ ቀዝቅዟል። ያለ ጫማ ሮጠች። ባሕሩ ጋ ደርሳ ስታይ ምን አየች? ውብእሸት ቆሟል! ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ በሳንቃው ላይ ቆሟል። ልትስቅ አፏን ከፈተች። ሳቁ አልወጣም። ከኋላው ሌላ ሰው ቆሟል። ሁለት እጁን በውብእሸት ትከሻ ላይ አድርጓል።

ማዕበል ወዴት ነው የሚሄደው? ንገሩኛ! ወደ ዳር ነው አይደል? ያ ማዕበል ግን ወደ ባሕሩ ነበር የሚሄደው።

“ውቤ!” ብላ ጮኸች። አልዞረም። እስከ ወገቧ ገባች። ከዚያ በላይ እንዴት ትግባ? ዋና አታውቅም። ጻድቃንን ሁሉ በየስማቸው ጠራች። ማዕበሉ ራቀ። ያን ጊዜ ንዴት መጣላት።

“አንተ! አንተን ነው! በልቶ ካጅ!” አለች። “ገበታዬ ላይ ተቀመጥክ! ሽሮዬን በላህ! ጨው አነሰው ብለህ ሰደብከኝ፣ ቻልኩህ! አሁን ደግሞ ባሌን ይዘህብኝ ልትሄድ? የበሉበትን ወጭት መስበር ማን አስተማረህ? ነውር አታውቅም? ሞትክ እንጂ ባለጌ ሆንክ እንዴ?”

የሞተ ሰው ያፍራል? ያፍራል። ማዕበሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰውዬው እጁን ከውብእሸት ትከሻ ላይ አነሳ። ውብእሸትም እንደ ልማዱ ወደቀ፤ ወደቀና ወደ ዳር መዋኘት ጀመረ።

ትርንጎ ዓይኗን ከባሏ ስትመልስ ሰውዬው ፊቷ ቆሟል። በመካከላቸው አንድ ክንድ ውሃ ብቻ ነበር። አንገቱን ደፍቷል።

“አርባ ዓመት ነው” አለ። “እዚህ ማዕበል ላይ ስቆም ያየኝ ሰው የለም። ስሰጥምም ያየኝ የለም። ብቻዬን ነበርኩ። አሁንም ብቻዬን ነኝ።”

ትርንጎ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ነበር። ሆኖም አዘነችለት።

“የሚያይ ሰው ነው የጎደለህ?” አለችው። “ለዚህ ሰው ይሰረቃል? ሂድ ውጣበት። እኔ አይሃለሁ።”

ሰውዬው በዚያች በተሰበረች ሳንቃ ወጣ። እንዴት ያለ መንሸራተት ነበር መሰላችሁ! እንደ ወፍ ነበር። ትርንጎ ሳታስበው እልል አለች። ደጋግማ እልል አለች። እሱም አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አያት፤ ከዚያ ፀሐይዋ ብቅ ወዳለችበት ሄዶ ውስጧ ገባ። ያን ቀን ተመልሶ አልወጣም።

ውብእሸት በአራት እግሩ እየዳኸ ደረሰ። ግማሽ ባሕር ጠጥቷል። አስታወከ፣ ሳለ፣ እንደገና አስታወከ። ቀና ሲል የመጀመሪያ ቃሉ ምን ይመስላችኋል? ይቅርታ ነው?

“ቆሜ ነበር እኮ! አየሽኝ?”

በጥፊ አለችው። ከዚያ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች። “አየሁህ” አለችው።

ውብእሸት ከዚያ ወዲያ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረ። ሠርግ ላይ ያወራዋል፣ ለቅሶ ቤት ያወራዋል፣ ጎማ እየለጠፈ ያወራዋል። ሰው አላምን ሲለው “ትርንጎ! ነይ ንገሪያቸው እስቲ!” ይላል። በመጨረሻው ሳምንት፣ ሐኪም ቤት ተኝቶ፣ ክንዱ እንደ ሸምበቆ ቀጥኖ፣ “ቆሜ ነበር አይደል?” አላት። “ቆመህ ነበር” አለችው። “ጉልበትህን አጠፍ አድርገህ፣ ሁለት እጅህን ዘርግተህ።” እሱም እፎይ ብሎ ተኛ።

ያን ቀን ሲቆም ያየችው አንድ ሰው ብቻ ናት። አሁን ግን እናንተም አያችሁት። ስለዚህ ነው የሚወራው።

በሉ መሽቷል፤ ተነሱ። ብቻውን የሚሄድ ሰው እንዳይኖር! ሁለት ሁለት ሁኑ፣ እጅ ለእጅ ተያያዙ። አንተስ፣ በሩ አጠገብ ያለኸው? ጓደኛ አጣህ? አይዞህ፣ አትፍራ።

ረጅም ነገር በብብቱ ይዞ ከበሩ ውጭ የቆመው ሰውዬ ይሸኝሃል።