ባዶው ብሎን

ሽማግሌው የተገኙት ኮሪደሩ ላይ ነው። ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ሁለት ካፖርት ደርበው፣ ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ተቀምጠዋል። ከራሳቸው በላይ መዳፍ የምታህል ነጭ ቴርሞስታት፣ የማሞቂያው መቆጣጠሪያ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች። ሁለት ቁጥር ይነበብባታል፤ የታዘዘው ሙቀት ሠላሳ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሙቀት አምስት።

መርማሪዋ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። ከምትናገረው የምትሰማው ስለሚበልጥ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «ጆሮ» ይሏታል። ሐኪሙ የገደላቸው ብርድ እንደሆነ አስቀድሞ ነግሯታል። ሰውየው ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን መንገድ ሲቀይሱ ኖረው፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የቀሩ።

ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። መስታወቱ ጤዛ ለብሷል። በጣቷ ብትጠርገው አልጠረግ አላት፤ ጤዛው በውጭ በኩል ነበር።

«ውጭ ስንት ዲግሪ ነው?»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ስልኩን አየ። «ዘጠኝ። እውነቴን ነው፣ ደጅ ብጠብቅ ይሻለኛል።»

«ይሻልሃል» አለችው።

ማሞቂያ የተበላሸበት ቤት ቢቀዘቅዝ ቢቀዘቅዝ ደጁን ቢያክል ነው። ይህ ቤት ግን ከደጁም ብሶ ወርዷል። ማሽኑ ቆሞ አልነበረም ማለት ነው፤ ሲሠራ ነው ያደረው።

ቴክኒሻኑን ወጥ ቤት ውስጥ አገኘችው። አስከሬኑን ያገኘውም ፖሊስ የጠራውም እሱ ነው። ከንፈሩ አብጧል፤ የሟች ወንድ ልጅ ደርሶ «ገዳይ!» ብሎ በቡጢ ብሎታል።

«እሑድ የገጠምኩት እኔ፣ ሐሙስ ሬሳቸውን ያገኘሁት እኔ» አለ። «እጄን ይዛችሁ ብትሄዱ ምን እላለሁ?»

«መጀመሪያ ማሽኑን አስረዳኝ።»

«ሂት ፓምፕ ይባላል። እሳት የለውም፤ ሙቀት ይሸከማል። እንደ ወዛደር ይቁጠሩት፣ ወደ ታዘዘበት ነው የሚሸከመው። አቅጣጫውን የምትነግረው አንዲት ሰማያዊ ሽቦ ናት። እሷ ከታሰረች ሙቀቱን ከደጅ ወደ ቤት ያስገባል። ከተፈታች ግን…»

«ከቤት ወደ ደጅ ያወጣል።»

«አዎ። ቴርሞስታቷ ደግሞ ይህን አታውቅም። ‹ቤቱ በርዷል፣ ሥራ!› እያለች ታዘዋለች። ሙቀት በጠየቁ ቁጥር ይብስ ይቀዘቅዛል።»

«ሽቦዋስ?»

«ዛሬ የቴርሞስታቷን ክዳን ስከፍት ተንጠልጥላ አገኘኋት። እሑድ ግን አጥብቄ አስሬ፣ ሞክሬ፣ ቤቱን ሃያ ሁለት ላይ ትቼ ነው የሄድኩት።» ድምፁ ወረደ። «ትናንት ማታ ደውለውልኝ ነበር። ‹ልጄ፣ ይህች ማሽንህ ከፍ ባደረግኋት ቁጥር ትቀዘቅዛለች። ለልጆቼ እንዳትነግርብኝ፤ ሰበብ አግኝተው ከቤቴ ያወጡኛል› አሉኝ። አጥፉት፣ ጠዋት መጥቼ አየዋለሁ አልኳቸው። እሺ ብለው ነበር።» ቀና ብሎ አያት። «የሥራ ፈቃዴን ይነጥቁኛል አይደል?»

«ፈቃዱ ቀላሉ ነው። በቸልተኝነት ሰው መግደል ያሳስራል።»

የአለቃዋ ስልክ የመጣው በዚያው ሰዓት ነው። «ሽቦ ላላ፣ ወለቀ፣ ሰው ሞተ። ምን ምርመራ አለው? ቴክኒሻኑን ይዘሽ ፋይሉን ዝጊ።»

«እስከ ነገ ይስጡኝ ጌታዬ» አለችና የቴርሞስታቷን ክዳን አነሣች። ሰማያዊዋ ሽቦ ጫፏ ቀጥ እንዳለ ተንጠልጥላለች። ስትታሰርበት የነበረውን ብሎን በካቻቪቴ ሞከረችው። አልተንቀሳቀሰም። እስከ ታች ጠብቋል፤ ሥሩ ግን ምንም የለም።

ለማንም ሳትናገር ክዳኑን መለሰች።

ወንድ ልጃቸው ሥራ ተቋራጭ ነው። ቢሮው ውስጥ የተዘጋ ነገር አይገኝም። መሳቢያው ተስቦ ቀርቷል፣ እስክሪብቶዎቹ ክዳን የላቸውም፣ ጠረጴዛው ላይ አፉን የከፈተ የውሃ ጠርሙስ ቆሟል።

«አዎ፣ ቤቱ ይሸጥ ብያለሁ» አላት ገና ሳትቀመጥ። «ፊት ለፊቱ ነው ያልኩት። እሑድ ምሳ ላይም ብዬዋለሁ። ‹ሬሳዬ ሲወጣ ትሸጠዋለህ› አለኝ።»

«ምሳው ላይ እነማን ነበራችሁ?»

«እኔ፣ እህቴና ይሄ ገዳይ። ሥራውን ጨርሶ አብሮን በላ፤ አባቴ ሠራተኛ ሳያበላ አይሸኝም።»

«ቴርሞስታቷን ነክተሃታል?»

«ክዳኗን ከፍቼ አይቻለሁ። እህቴም አቧራ ስትጠርግላት ነበር። ምነው?»

«ከእሑድ በኋላ ደወልክላቸው?»

«አልደወልኩም። እሱ ይደውል ብዬ። ከአባቴ የወረስኩት ኩራቱን ብቻ ነው።»

ታላቅ እህቱ ፋርማሲስት ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ስትወጣ ከተማውን አቋርጣ አባቷን ስትጦር የኖረች፣ ጎረቤት ሁሉ «ልጅስ እንደ እሷ» የሚላት ሴት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል፤ ሥራ የገባሁት ቤት ብውል ስለማብድ ነው አለች። ለመርማሪዋ ውሃ ሰጠቻት።

«በየቀኑ ትደውዪላቸው ነበር?»

«በቀን አራቴ፣ አምስቴ። ‹አባዬ፣ በረደህ?› እለዋለሁ። ‹ሞቆኛል› ይለኛል። ድርቅ ያለ ሰው ነበር። እኔ ጋ ና፣ እዚያ ብቻህን ምን ትሠራለህ እያልኩ ስንት ለመንኩት።»

«በዚህ ሳምንት ቤታቸው ሄደሽ ነበር?»

«በዚህ ሳምንት አልተመቸኝም።»

መርማሪዋ ውሃውን ጨርሳ ባዶውን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ፋርማሲስቷ ወሬዋን ሳታቋርጥ አነሣችው፣ ክዳኑን ከጠረጴዛው ላይ ፈልጋ ገጠመችለት፣ ጥብቅ አድርጋ ከደነችው፤ ከዚያ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችው።

ከሥራ በኋላ ቤቷን አሳየቻት። ከሳሎኑ ቀጥሎ ያለው ክፍል ተሰናድቷል። አዲስ ብርድ ልብስ የለበሰ አልጋ፣ የወንድ ነጠላ ጫማ፣ ግድግዳ ላይ የተመታ፣ ሽማግሌ ይዞ የሚነሣበት እጀታ።

«መቼ ነው ያዘጋጀሽው?»

«ሰኞ» አለች። ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሁለቱ ልጆችና ቴክኒሻኑ የሟች ሳሎን ውስጥ ተሰበሰቡ። አለቃዋ ሰዓቱን እያየ በሩ ላይ ቆሟል። ቤቱ አሁንም ቀዝቃዛ ስለነበር ካፖርቱን ያወለቀ የለም።

«ሽቦዋን እሰራት» አለችው መርማሪዋ ቴክኒሻኑን። አሰራት። ማሽኑ ደጅ ማጉረምረም ጀመረ፣ ጥቂት ቆይቶም ለብ ያለ አየር ወደ ሳሎኑ ገባ።

«እንግዲህ ማሽኑ ጤነኛ ነው። የሞቱት ሽቦዋ ስለተፈታች ነው። ወልቃ ነው ወይስ ተነቅላ?» ወደ አለቃዋ ዞረች። «ሽቦ የሚያወልቀው የላላ ብሎን ነው። ይህኛው ብሎን ግን እስከ ታች ጠብቆ፣ ምንም ሳይዝ ነው ያገኘሁት። አንድ ሰው ፈታው፣ ሽቦዋን አወጣ፣ ከዚያ ባዶውን መልሶ አጠበቀው።»

«ባዶ ብሎን ማን ያጠብቃል?» አለ አለቃው።

«እኔም ይህንኑ ነው የጠየቅሁት። ተንኮል የሚሠራ ሰው ይቸኩላል፤ ነቅሎ ይሄዳል። እጁ ክፍት ነገር ትቶ መሄድ የማይችል ሰው ብቻ ነው ይህን የሚያደርገው።»

ወንድ ልጃቸው ቴክኒሻኑን በጣቱ ጠቆመ። «ብሎን ማጥበቅ የእሱ ሥራ አይደል?»

«ሥራው ነው። ግን ሰውየውን ገድሎ ምን ያገኛል? እስር ካልሆነ። አንተ ግን ታገኛለህ። ለዚህ ነው መጀመሪያ አንተን የጠረጠርኩት።»

የጠቆመበትን ጣቱን አወረደ።

«ያዳነህ ክፉ ልጅ መሆንህ ነው። ወጥመድ ያጠመደ ሰው ተያዘልኝ ወይ ብሎ ያያል። አንተ በሳምንቱ ውስጥ አባትህ ይኑሩ ይሙቱ አልጠየቅህም።» ድምፅዋን ሳታነሣ ቀጠለች። «ሌላ ሰው ግን በቀን አምስት ጊዜ ይጠይቅ ነበር። አዲስ ማሞቂያ ለገባላቸው ሰው ‹በላህ? መድኃኒትህን ወሰድህ?› ይባላል። ‹በረደህ?› የሚለው እንደሚበርዳቸው የሚያውቅ ሰው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳያሰልስ ሲመላለስ የኖረ ሰው፣ በዚህ ሳምንት ብቻ ቀረ። ቢመጣ ብርዱን አይቶ ዝም ማለት አይችልማ። ቤቱ ውስጥ ደግሞ አልጋው ከሰኞ ጀምሮ ተነጥፏል።»

ሳሎኑ ሞቋል። አለቃው ካፖርቱን አወለቀ። ፋርማሲስቷ የራሷን እስከ አንገቷ ቆልፋ እንደተቀመጠች ናት።

«ሊሞት አልነበረም» አለች። «ሊመጣ ነበር። ሽቦዋ ምን እንደምትሠራ ይህ ልጅ ምሳ ላይ ሲያስረዳን ሰማሁ። አንድ ሁለት ቀን ቢበርደው ‹ልጄ፣ ውሰጂኝ› ይለኛል አልኩ። ደክሞኝ ነበር። መመላለሱ ደክሞኝ ነበር።»

«እህቴ» አለ ወንድሟ። «‹ሞቆኛል› ሲልሽ አመንሽው?»

«አላመንኩትም።»

«ታዲያ?»

«‹በርዶኛል› እስኪል ጠበቅሁ።»

ቴክኒሻኑ ከመቀመጫው ተነሣ። «እኔስ? እኔ ስታሰር ዝም ልትዪ ነበር?»

ፋርማሲስቷ ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየችው።

«አዎ» አለችው።

መርማሪዋ ክንዷን ይዛ አስነሣቻት። አለቃው በሩን ከፈተላቸው፤ ሦስቱ ወጡ። ሳሎኑ ውስጥ ሁለቱ ወንዶች ብቻ ቀሩ። ቴክኒሻኑ ጎንበስ ብሎ ዕቃውን ወደ ቦርሳው መሰብሰብ ጀመረ። ወንድ ልጅየው አጠገቡ ሄዶ ቆመ፤ የመታበትን እጁን ዘረጋለት።

«ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ።»

ቴክኒሻኑ የተዘረጋውን እጅ አየ፣ ከዚያ የራሱን።

«እጄ አቧራ ነው» አለ። ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። እጁ ላይ ምንም አቧራ አልነበረም።