ሰማንያ ዘጠነኛው ምራቅ

ዶክተር አንዱዓለም ቢሮው ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ግማሹ የታኘከ የወይራ መፋቂያ ጉልበቱ ላይ ወድቋል። ድድ የሚያደማውን ባክቴሪያ በክትባት አጠፋለሁ ይል የነበረ ሰው በጥርስ መፋቂያ መሞቱ፣ እሑድ ረፋዱ ላይ ፒያሳ ደርሶ መወሪያ ሆነ።

ኢንስፔክተር ምንዳዬ ጎንበስ ብላ እንጨቱን አሸተተች። የፀረ ተባይ ሽታ አፍንጫዋን ወጋት።

«አያ የሻው፣ ይህን ማን አመጣው?»

«እኔው ነኝ እቴ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእድብ ባሕር ጫካ ቆርጬ አመጣለታለሁ፤ ሸጋ ወይራ ነው» አለ ሽማግሌው ዘበኛ። «ምነው ዶክተር ሆነህ እንጨት ታኝካለህ ስለው፣ ‹ክትባቴ እስኪደርስ ነዋ!› ይለኝ ነበር።»

ምንዳዬ የተረፈውን የመፋቂያ እስር አሸተተች። ምንም የለውም።

«ይቺኛዋን መቼ አስቀመጥክለት?»

«ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። ቤቱን ወለወልኩ፣ የብርጭቆውን ውሃ ቀየርኩ፣ አንዷን ነከርኩለት። ሁለት ሰዓት ላይ ገባ። ወዲያው ጩኸቱን ሰማሁ።»

«በመካከሉ ማን ገባ?»

«በእኔ በር ዶክተር ታሪኩ ብቻ። በሙከራ ጥንቸሎቹ ቤት በኩል ግን የኋላ በር አለ። ቁልፉ በሟቹና በሄለን እጅ ነው።»

ዶክተር ታሪኩ የሟቹ የሥራ ባልደረባ ነው። አልተሸማቀቀም።

«አልደብቅሽም፣ ጠላሁት። አምስት ዓመት አብረን ደክመን ጥናቱ ሲታተም ስሜን ሰርዞት አገኘሁ። ዛሬ አንድ ሰዓት ላይ መጥቼ ምራቄን ሰጠሁና ቁርስ ልበላ ወጣሁ።»

«የምን ምራቅ?»

«ክትባቱን መጀመሪያ የተወጋነው እኛው ነን። ዘጠና ቀን፣ በየማለዳው፣ እህል ሳንቀምስ ቱቦ ውስጥ እንተፋለን። አንድ ቀን የጎደለበት ሰው ውጤቱ በሙሉ ይጣላል።»

የቤተ ሙከራዋ ሠራተኛ ሄለን በአራት ሰዓት መጣች፤ ነጭ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታለች።

«ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ቅዳሴ ላይ ነበርኩ። ቆርቤ መምጣቴ ነው። ምን ሆናችሁ?»

ምንዳዬ ነገረቻት፤ ሄለን አላለቀሰችም። ኢንስፔክተሯ በሩ መስታወት የሆነውን የምራቅ ማቀዝቀዣ ከፈተች፤ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አየች። ቀጥላም የበጎ ፈቃደኞቹን መዝገብ ገለጠች፤ እዚያ ባየችው አድራሻ ወደ እንፍራንዝ ስልክ ደወለች። ከዚያ ሦስቱን ሬሳው ከተነሳበት ወንበር ፊት አቆመቻቸው።

«አያ የሻው፣ መርዙ በአንተ እስር ላይ የለም። ስለዚህ የተጨመረው ብርጭቆው ላይ ነው፤ ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ። አንተ ስትወለውል በማቀዝቀዣው የዛሬ መደርደሪያ ላይ ቱቦ ነበረ?»

«ኧረ ባዶ ነበር።»

«አሁን ሁለት አለ። አንዱ የዶክተር ታሪኩ ነው፤ መምጣታቸውንም አልካዱም። ሁለተኛው ‹ሄለን፣ ሰማንያ ዘጠነኛ ቀን› ይላል።»

ሄለን ነጠላዋን ሳበች። «እ... ቆርቤ ስመለስ አለፍ ብዬ ነው የሰጠሁት።»

አያ የሻው በድንጋጤ አማተበ። «ቆርበሽ? ሥጋወደሙን ተቀብለሽ ተፋሽ?»

ሄለን አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። 

«አልቆረብሽም» አለች ምንዳዬ። «መዝገቡ ላይ ቁጥር አሥራ ሰባት ጸሎት ትባላለች። ‹በፈቃዷ አቋረጠች› ይላል። የእንፍራንዝ ሰዎች ግን ከተቀበረች ሁለት ወሯ ነው አሉኝ። ተጠሪዋ እህቷ ሄለን ናት። የእጅ ጽሑፉም የአንቺ ነው።»

«እሱ ነው ያስጻፈኝ!» አለች ሄለን። «ከተፈቀደው መጠን እጥፍ አድርጎ ወጋት፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ‹አቋረጠች ብለሽ ጻፊ› አለኝ። በእጄ ጻፍኩ፤ በእጄ ደሟን መለስኩ። ነፍስ ላጠፋ ሄጄ ቁርባን አልደፍርም፤ ደጀ ሰላሙንም አልረገጥኩም።»

«ታዲያ ቱቦውን ምነው አስቀመጥሽ? ቱቦው ባይኖር ማን ያገኝሽ ነበር?»

«የበደለኝ እሱ ነው፤ ክትባቱ ምን አደረገኝ? እህቴ የሞተችበት ነገር ከንቱ ይቅር?»

ካቴናው ሲገባላት ወደ ታሪኩ ዞረች።

«ነገ ዘጠናኛው ነው ዶክተር። እህል ሳልቀምስ እጠብቅዎታለሁ።»

 ምንዳዬ ከመደርደሪያው ባዶ ቱቦ አነሳች፤ የሄለንን ስምና የነገውን ቀን ጻፈችበትና የታሪኩ እጅ ላይ አኖረችው።