ከዱራሜ የመጣው ቅቤ

ገነቴ የቡላ ነጋዴ ናት። እርጥቡን ከገበያ ሴቶች ትገዛና ሆሳዕና ጓሮዋ አድርቃ፣ ፈጭታ፣ በላስቲክ ታሽጋለች። እጇ ሁልጊዜ ነጭ ነው። አንዴ ያለችውን ነገር ደግሞ በሬ ቢጎትታት አትመልሰውም።

ሆሴዕን ያወቀችው መፍጫ ማሽኗ ቀጥ ያለ ቀን ነው። የዱራሜ ልጅ ነው፤ በያጅ። ማሽኑን ፈታትቶ አየና «ይሄ ሞቷል፤ ሌላ እሠራልሻለሁ» አላት። ሠራላትም፤ ዋጋውን በኋላ ትከፍያለሽ ብሎ። ከዚያ ማሽኑን ልየው እያለ በየሳምንቱ ይመጣ ጀመር። ማሽኑ ምንም አልሆነም። ሁለቱም ያውቃሉ።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ የመጀመሪያ ቀን አንድ ነገር ተናግሯል። ከሚስቱ ጋር ሱቅ ከፍቶ ሱቁም ትዳሩም ስለፈረሰበት ጓደኛው ሲያወራ፣ «ሥራና ፍቅር አንድ ማድጋ ውስጥ አይቀመጥም» አለ። ገነቴ ቃሉን ዋጠችው። ከዚያ ወዲያ ጎንበስ ብሎ ብሎን ሲያጠብቅ አንገቱን ታያለች፤ ቀና ሲል ቡላዋን ታያለች።

አዲስ አበባ ያለው ደንበኛዋ «ድርጅት ካልሆናችሁ አንረከብም» ሲላት፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ላቋቁም ብላ ተነሣች። ሁለት ሰው ያስፈልጋል ብለዋት ነበር። ሌላ ሰው አላሰበችም።

«እኔ ምን አለኝና?» አላት ሆሴዕ።

«ማሽኑ ያንተ ድርሻ ይሁን፤ ቡላው የእኔ።»

«ብንከስርስ?»

«ያስገባነው ይሄዳል እንጂ ቤታችንን አይነኩብንም። ሕጉ እንደዚያ ነው አሉ።»

ንግድ ቢሮ ቤቴል የምትባል ወጣት ባለሙያ ተቀበለቻቸው። ሰማቻቸውና፣ «እትዬ ገነቴ፣ ሕጉ እኮ ተሻሽሏል» አለች። «አሁን አንድ ሰው ብቻውን ይችላል። ማሽኑን ግዢውና ብቻሽን አቋቁሚ።»

ሆሴዕ ኮፍያውን ከጉልበቱ ላይ አነሣ።

«እንግዲህ እኔ አላስፈልግም» አለ። አለ እንጂ ከወንበሩ አልተነሣም።

ገነቴ ወደ እሱ ዞረች። «ማን አታስፈልግም አለህ? ሁለት ሆነን መጥተናል፤ ሁለት ሆነን እንመዘገባለን!»

«ለምን ግን?» አለች ቤቴል፣ ከልቧ ግራ ገብቷት።

«ማሽኑ… ማሽኑ ሲበላሽ ማን ያየዋል?»

ቤቴል አፏን በእጇ ይዛ ሣቀች። ሆሴዕ የወለሉን ሲሚንቶ ያይ ጀመር።

መመሥረቻ ጽሑፉን በምስክሮች ፊት፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ ፈረሙ። ትከሻው ትከሻዋን ነካ፤ አልሸሸም፣ አልቀረበምም። ሲወጡ ሚሪንዳ ጠጡ። «በርቺ እንግዲህ፣ ሥራ አስኪያጅ» ብሏት ዱራሜ በሚሄደው በሾፌሩ በናስረዲን ሚኒባስ ተሳፈረ። ገነቴ መኪናው እስኪሰወር ቆመች፤ ከተሰወረም በኋላ ቆመች።

ናስረዲን ግን ከነምስክሮቻቸው ሲወጡ አይቷል። መንገድ ላይ «ፈረምክ?» አለው። «ፈረምኩ» አለ ሆሴዕ፣ ፊቱ እያበራ። ከዚህ በላይ ማን ይጠይቃል? ናስረዲን ለሆሴዕ እናት ለእማማ ሙሉነሽ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት፤ ልጅዎ ሆሳዕና ላይ ተፈራረመ!» አላቸው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ገነቴ ቡላ ስታሰጣ፣ እማማ ሙሉነሽ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው ጊቢዋ ገቡ። በእነሱ ቤት የወንዱ እናት የሙሽራዋን አናት ቅቤ ትቀባለች፤ ያኔ ልጅ ሆነች ማለት ነው።

«ሽማግሌ ሳልልክ በመፈራረማችሁ ከፍቶኛል» አሉ። «ግን መጣሁ።»

ሆሴዕ ወሬውን ዘግይቶ ሰምቶ፣ እያለከለከ ከኋላቸው ደረሰ። «እማ፣ ቆይ! የፈረምነው ለማኅበር ነው! ለቡላ!»

«ለቡላ?» ዞሩበት። «ታዲያ የማሽን ወሬ ጀምረህ ስለ እሷ እጅ እያወራህ የምትጨርሰው ለቡላ ነው?»

እማማ ሙሉነሽ ወደ ገነቴ ተመለሱ። እሳቸው በከምባትኛ፣ እሷ በሀድይኛ ነው ያደጉት፤ አማርኛው ለሁለቱም የውሰት ነው። ቃል እየመረጡ፣ «ልጄ፣ አንቺ ንገሪኝ» አሏት። «ተሳስቼ ከሆነ ቅቤዬን ይዤ እመለሳለሁ።»

ገነቴ ሆሴዕን አየችው። ቀና ብሎ ነበር፤ ዓይኗን አላሸሸችም።

«አንድ ማድጋ ውስጥ አይቀመጥም ያልከው አንተ ነህ።»

«ስለ ጓደኛዬ ነው ያልኩት።»

«ስለ አንተስ?»

ኮፍያውን አወለቀ። «ያን ዕለት ቤቴል ብቻሽን ትችያለሽ ስትልሽ፣ ከወንበሩ መነሣት አቃተኝ» አላት።

ገነቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ሻሿን ፈታች። በርጩማ ስባ እማማ ሙሉነሽ እግር ሥር ቁጭ አለችና አንገቷን ደፋች።

ቅቤው ሲያርፍባት ቀዝቃዛ ነበር፤ ከዚያ በፀሐዩ ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር። አንዷ ጠብታ ዓይኗ ውስጥ ልትገባ ስትል፣ ሆሴዕ ብየዳ ባጠቆረው ጣቱ መለሳት።