በግምድል ጀርባ ላይ የተነጠፈው ጎዳና

በዚያ ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ የግምድል ጎዳና ድንጋዮች መተንፈስ ጀመሩ። መጀመሪያ ያወቀችው የጎዳናው ጠባቂ አንጓች ነበረች። ሃያ ዓመቷ ነው። ከመንገዱ ላይ ጠጠር ልታነሣ ጎንበስ ስትል በመዳፏ ሥር ያለው ንጣፍ ቀስ ብሎ ከፍ፣ ቀስ ብሎም ዝቅ አለ። ሙቀትም ነበረው።

ግምድል ከገደል እስከ ገደል ተጋድሞ የተኛ ዘንዶ ነው። የአርማዥ መንግሥት የጥንት አባቶች በጀርባው ላይ መንገድ አነጠፉ፤ ወደ ሾላት ከተማ እህል የሚገባው በዚያ ብቻ ነበር። ዘንዶው እንዳይነቃ ግን በመንገዱ ራስ የቆመው የቃል ድንጋይ በየመቶ ዓመቱ ከሰው ልጆች መቶ ሃያ ዓመት ዕድሜ ይወስዳል። አባቶች ይህን ሸክም ለሦስት ከፈሉት፤ አርባው በንጉሡ፣ አርባው በቆላው ገዥ፣ አርባው በሾላት ሕዝብ ላይ ሆነ። ብዙ ሰው ድንጋዩን ሲነካው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የጥቂት ሳምንታት እርጅና ብቻ ነው።

የሾላት ሰዎች አላመነቱም፤ ተሰልፈው ድርሻቸውን ሰጡ። ጎዳናው ግን መተንፈሱን አልተወም። አንጓች ንጣፉን ሊጠግን ከሩቅ አገር ከመጣ፣ ጉልላት ከሚባል አዛውንት ድንጋይ ጠራቢ ጋር ወደ ቆላ ወረደች።

ገዥው ደራጎ ገና ሳትጨርስ አቋረጣት። «የእኔ ሕዝብ በዚያ መንገድ በዓመት አንዴ ቢሄድ ነው። ንጣፉን የሚሰብረው የንጉሡ ሠራዊትና የንጉሡ ሠረገላ ነው። የሰበረ ይጠግን።»

ስምንት ቀን ተጉዘው ከዙፋኑ ፊት ቆሙ። ንጉሥ ኤልማድ በትዕግሥት ሰማት፤ ከዚያም መንገዱ የሚያልፈው በደራጎ ምድር መሆኑን አስታውሶ፣ ደራጎ ይቅደም፣ እኔ እከተላለሁ አላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሷን ይበልጥ ያስፈራትም ይኸው ነበር።

«ጃንሆይ፣ ደራጎም ሸክሙን ወደ እርስዎ ነው የሚገፉት» አለች። «እናንተ ስትጠባበቁ ዘንዶው ማንንም አይጠብቅም። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ሰው ላኩ፤ ቀዳሚም ተከታይም አይኖርም።»

ንጉሡ ከዙፋኑ ተነሣ። «በአባቶቼ አጥንት እምላለሁ፤ ከዛሬ በሃያኛው ቀን ረፋድ አራት መቶ ሰዎቼ ከድንጋዩ ፊት ይቆማሉ።» ደራጎም ይህን በሰማ ጊዜ እንደዚያው ማለ።

ሃያኛው ቀን በዝናብ ነጋ። ደራጎ አራት መቶ ሰው አስከትሎ መጣ፤ ድንጋዩን ነክተው፣ ትንሽ ደክሟቸው ወደ ኋላ ቆሙ። የንጉሡ ሰዎች ግን አልታዩም። ረኃብ የጸናበት ሾላት የጠራው ሦስት መቶ በቅሎ እህል ደግሞ ከነነጂዎቹ በዘንዶው ጀርባ ላይ ነበር። ረፋዱ አለፈ። ጎዳናው ተንቀጠቀጠ፤ አንዲት በቅሎ ከነጭነቷ ወደ ገደሉ ወደቀች።

አንጓች ከደራጎ እግር ሥር ወድቃ ሰዎቹ አንዴ ብቻ እንዲደግሙ ለመነችው።

«ድርሻዬን ሰጥቻለሁ» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ። «ዛሬ የንጉሡን ብሸከም ለዘላለም የእኔ ሆኖ ይቀራል።»

ጉልላት እጁን ወደ ድንጋዩ ዘረጋ። አንጓች ያዘችው። «አባ ጉልላት፣ የቀረዎት ዕድሜ አርባ አይሞላም። እርስዎም ይሞታሉ፣ ዘንዶውም አይተኛም።»

«ያንቺስ ይሞላል ወይ ልጄ?»

አላወቀችም። ሁለቱን መዳፎቿን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች። መጀመሪያ ጉልበቷ ከዳት፣ ከዚያ ዓይኗ ደበዘዘ፣ ከዚያም በእጆቿ ላይ ቆዳዋ ሲጨማደድ አየች። የበቅሎዎቹ ኮቴ እንደገና በረጋ መንገድ ላይ ሲሰማት ብቻ እጇን አነሣች። ግምድል ተኝቷል።

የንጉሡ ሰዎች በማግስቱ ደረሱ። ድንበሩ ላይ ጎርፍ የጣለውን ግንድ ማን ያንሣ እያሉ ከደራጎ ሹሞች ጋር ሲከራከሩ ውለው አድረዋል። ወሬው ሲደርሰው ንጉሡ ራሱ በእግሩ መጥቶ ከእንግዲህ የዙፋኑ ድርሻ ከሁሉ እንደሚቀድም በድንጋዩ ፊት ማለ። የተሰጠው ዕድሜ ግን አይመለስም።

አንጓችና ጉልላት ተደጋግፈው ሾላት ገቡ። እናቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አዲሱን ስንዴ ታበጥር ነበር። ፀጉሯ የነጣውን መንገደኛ ባየች ጊዜ ሰፌዱን አስቀምጣ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ይቀመጡ እናቴ፣ ደክሞዎታል። በመንገድ አንዲት ወጣት አላዩልኝም? የጎዳናው ጠባቂ ናት፤ ልጄ ናት።»

ጉልላት ፊቱን አዞረ። አንጓች በእናቷ መቀመጫ ላይ ተቀመጠች።

«አይቻታለሁ» አለች። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ደርሳለች።»