የሞህሩ እጅ

ይህን ሳወራ ባልደረቦቼ ሥራ ስለበዛብሽ ነው ይሉኛል። ይበሉ። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ። ኹጃንድ ከተማ፣ የነርቭ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር ያለው አልጋ።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። መንቀሳቀስ ያቃታቸውን ሕመምተኞች፣ እጅና እግራቸው እንዳይደርቅ፣ በየቀኑ አሠራለሁ።

እዚያ አልጋ ላይ የተኙት እትዬ ቢቢሶሮ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ ነበር። የመተንፈሻው ቱቦ ከጉሮሯቸው የወጣው በስድስተኛው ቀን ነው። ድምፃቸው ሹክሹክታ ብቻ ሆኗል።

ግራ እጃቸውን ይዤ ጣቶቹን መዘርጋት ጀመርኩ።

«ቀስ በይ ልጄ... ትቀሰቅሺያታለሽ።»

«ማንን፣ እትዬ?»

«ሞህሩን። የሷ እጅ ነው።»

ለክፍሉ ሐኪም ለዶክተር ፋይዙሎ ስነግረው የታወቀ ነገር ነው አለኝ። አእምሮ ሲጎዳ ሰው የገዛ እጁን የሌላ ሰው ነው ይላል። የራሳቸው መሆኑን በየቀኑ አሳዪያቸው አለኝ።

ባለቤታቸው ጋሼ ሙዛፋር ሊጠይቋቸው ሲመጡ ሞህሩ ማን እንደሆነች ጠየቅኳቸው። ልጃቸው ነበረች፤ አንዲት ብቻ። በዘጠኝ ዓመቷ ወንዝ ወሰዳት። አስከሬኗ አልተገኘም።

በማግስቱ የእትዬን ቀኝ እጅ ይዤ፣ ከግራ ትከሻቸው ጀምሮ እስከ ጣታቸው ጫፍ አስዳሰስኳቸው። የእርስዎ ነው አልኳቸው።

አለቀሱ። ድምፅ የሌለው ለቅሶ።

«እጄን ከመለስሽልኝ... እሷ የት ትሄዳለች?»

ግራ እጃቸውን መልሼ አንሶላው ላይ አስቀመጥኩት።

ያኔ ነው ያስተዋልኩት።

የግራ እጃቸው ጣቶች ተጨማደዋል... ውሃ ውስጥ ብዙ እንደቆየ ሰው ጣት።

በፎጣ አደረቅኩት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መዳፉ እንደገና ርሷል።

ቀኙ ግን ደረቅ ነው።

ነርሷ ላብ ነው አለች። አሸተትኩት... ጭቃ ጭቃ ይላል።

ከዚያ ወዲያ እጁን መንካት ተውኩ። እግራቸውን ብቻ አሠራና የክትትል ወረቀታቸው ላይ «እጅ፦ ተሠርቷል፤ ለውጥ የለም» ብዬ እፈርማለሁ። ፈርቼ ይሁን አዝኜላቸው፣ ዛሬም አላውቀውም። ሦስት ቀን እንዲህ ዋሸሁ።

በአራተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስገባ እትዬ ተኝተዋል። በማግስቱ ጠዋት ሁለተኛ ጊዜ ደም ፈሶ እንደሚያርፉ ያኔ የት አውቄ። የአፍንጫቸውን የምግብ ቱቦ እንዳይነቅሉ ቀኝ እጃቸው በጨርቅ ከአልጋው ብረት ጋር ታስሯል። በእንቅልፋቸው እንባቸው ይወርዳል።

ግራ እጃቸው ከአንሶላው ላይ ተነሳ።

ቀስ... ቀስ እያለ።

ሰው አልጠራሁም፤ ዓይኔን ከእጁ ላይ አላነሳሁም።

እጁ ፊታቸው ላይ ደረሰ። አንዱን ዓይን አበሰ። ከዚያ ሌላውን። ሕፃን ልጅ እናቷን ስታባብል እንደምታደርገው።

ግን መዳፉ ራሱ ርጥብ ነው... ባበሰ ቁጥር ፊታቸው ይብስ ይርሳል።

እጁም መልሶ ያብሳል።