በጥቁር ልብስ ወደ ፍኖተ ሰላም

ሰውነት ከእህቱ የተዋሰውን ሰማያዊ ሸሚዝ በፌስታል ይዞ መጣ። ያምሮት ግን እጇን አልዘረጋችም።

ፍኖተ ሰላም ያለ አንድ ኮሌጅ ነርስነት ለመማር ያመለከቱትን ለቃለ መጠይቅ ጠርቷል። ቀኑ ነገ ነው።

«ነርስ ልትሆኚ ነው ወይስ አስለቃሽ?» አላት። «ጥቁር የለበሰች ነርስ አልጋው አጠገብ እንድትቆምለት የሚፈልግ በሽተኛ የታለ?»

ከንፈሯ ትንሽ ፈገግ ሲል አይቶ ዓይኑን ሳይነቅል ቆየ። እሷም አልነቀለችም። ቡሬ ላይ እንዲህ የሚተያዩት በሩ ገርበብ ሲል ብቻ ነው።

የወንድሟ የእንዳለው ሙት ዓመት ገና አልደረሰም። በጥይት መሞቱን ሁሉም ያውቃል፤ በማን ጥይት የሚለውን ግን ለቅሶው ላይ እንኳ ጮክ ብሎ የጠየቀ የለም።

«ዓመቱ ሳይወጣ ከሏን የምታወልቅ ልጅ አልወለድሁም» አሉ እናቷ ወይዘሮ ማሚቱ ከጓዳ።

«እትዬ፣ የፈራሁት ኮሌጁን አይደለም፤ መንገዱን ነው። ከል ሲያዩ ማን ሞተብሽ ይሏታል። ወንድሜ ካለች፣ በምን ሞተ ይሏታል። ከዚያ ወዲያ ትክክለኛ መልስ የለም።»

ያምሮት ሸሚዙን አየችው። ያምራል።

«እንዲሁ እሄዳለሁ» አለች።

በማግስቱ ሰውነት ሊያደርሳት አብሯት ተሳፈረ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከኋላቸው ጎረቤታቸው እትዬ እናትነሽ ተቀምጠዋል። በቆሎው መንገዱን ግራና ቀኝ አጥሮታል፤ ማሳው ውስጥ ግን ሰው አይታይም። ማንኩሳ ሳይደርሱ ኬላ ላይ አስቆሟቸው።

ፈታሹ እንቅልፍ ያጣ ወጣት ነው። «ማን ሞቶብሽ ነው?»

ያምሮት አፏ ላይ ቶሎ የመጣውን ተናገረች። «እጮኛዬ። በወባ።»

«ይሄስ?» አላት ወደ ሰውነት እያየ።

«ወንድሜ።»

ፈታሹ ሁለቱንም መታወቂያ ተቀብሎ አስተያየ። የአባት ስም ለየቅል፣ የእናትም ስም ለየቅል።

«አንተ፣ ውረድ።»

ሰውነት ወረደ። «ሂጂ፤ ይረፍድብሻል» አላት በመስኮቱ። ከመንገዱ ማዶ እሱን የመሰሉ ወጣቶች ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ አንዳቸውም ቀና አላሉም።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ያምሮት በሩን ስትከፍት እትዬ እናትነሽ ነጠላዋን ጨመደዱ።

«አንቺ ልጅ፣ ኮሌጁ ሁለቴ አይጠራሽም! ለመሆኑ ምንሽ ነው?»

ከል ለብሶ ስለ እጮኛ ማውራት ነውር ነው። እትዬ እናትነሽ ደግሞ የሰሙትን ለቡሬ ገበያ ሳያደርሱ አያድሩም። ያምሮት ይህን አላጣችውም።

«እጮኛዬ ነው» አለች፣ ለእሳቸውም ለፈታሹም በሚሰማ ድምፅ። «የሞተው ነው ወንድሜ።»

ወረደች። ፈታሹ ትክ ብሎ አያት።

«በምን ሞተ?»

«በጥይት።»

«በማን ጥይት?»

«አላየሁም። እኔ የማውቀው መቅበሬን ነው።»

መታወቂያዎቹን ኪሱ ከተተ። «እንግዲያው አለቃችን እስኪመጣ አብረሽው ቁጭ በይ።»

ሚኒባሱ ሄደ። ሰውነት ወደ እሱ ስትመጣ ሲያያት ፊቱ ገረጣ።

«ምን ማድረግሽ ነው? ቃለ መጠይቅሽስ?»

«ዝም በልና ጠጋ በል።»

ጠጋ አለላት። ሰው ሁሉ እያየ ትከሻዋን ትከሻው ላይ አስደገፈች። ከበቆሎው ባሻገር የመኪና ድምፅ እየቀረበ ነበር።